ስለ ሰፈር ማኅበሮች መተባበር



በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በጅባት ወረዳ በምትገኘው በሸነን፣ የሁለት ወይም የሦስት ዕድር አባል የሆነ አባወራ ማግኘት ብርቅ አይደለም። በዚህም ላይ ዕቁቡ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የወላጆች ኮሚቴውና የመንገድ ሥራ ኮሚቴው አሉበት። የሁሉም ስብሰባ በአንድ እሑድ ሲውል ሰውየው አንዱን ተካፍሎ በሌላው የቀሪ መቀጫ ይከፍላል።

የማኅበሮች መብዛት ክፋት የለውም፤ ክፋቱ አንዱ የሌላውን ውሳኔ አለማወቁ ነው። የአንዱ ዕድር ድንኳን ተጣጥፎ ተቀምጦ ሳለ፣ ጎረቤቱ ዕድር ሌላ ድንኳን ለመግዛት መዋጮ ይጥላል። በአንድ ቀን ሁለት ሐዘን ሲደርስ ግን አግዳሚ ወንበርና ድስት ከማን መበደር እንደሚቻል የሚያውቅ ይጠፋል። አንዱ ኮሚቴ ያስቆፈረውን ቦይ ሌላው ለመንገድ ብሎ አፈር ይደፋበታል፤ ክረምት ሲገባም ጎርፉ በአንዲት ድኻ ቤት ላይ ይዞራል። ሁሉም ለበጎ ደክሞ ሳለ ጉዳቱ በአቅመ ደካማው ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ጉዳይ በአገራችን ሁለት ትምህርት እናገኛለን። በ1955 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ሲቋቋም፣ አስቀድሞ በየፊናቸው ይሠሩ የነበሩ መረዳጃ ማኅበሮች ተሰባስበውበት ነበር። ማኅበሩ ኋላ በመንግሥት ቢታገድም፣ ትንንሾቹ ለየብቻ የማይችሉትን የትምህርት ቤትና የመንገድ ሥራ በኅብረት ማሰብ እንደሚቻል አሳይቷል። እንደገናም በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌ ሲቋቋም፣ የሰፈሩ ብዙ ጉዳይ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ገባ፤ ዕድር ግን ከቀበሌው ጎን ጸንቶ ኖረ። ሰው የሚቀብሩትንና የሚያጽናኑትን ወዳጆች ራሱ መምረጥ ይወዳልና።

እንግዲህ የሚያስፈልገው መተባበር ነው እንጂ መጠቅለል አይደለም። የየማኅበሩ ጸሐፊዎች በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ይገናኙ። የስብሰባ ቀኖቻቸውንና የሚያዋሱትን ዕቃ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፉ። መንገድን፣ ቦይንና ውሃን የሚነካ ውሳኔ ሲወስኑ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቅጂውን ይለዋወጡ። ገንዘቡና ዳኝነቱ ግን እንደ ቀድሞው የየማኅበሩ ይሁን፤ የዕድር ዳኞችም ሥልጣናችን ተወሰደ ብለው የሚሰጉበት ምክንያት አይኖርም።

እናንተ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍና መዝገብ መያዝ የዘወትር ተግባራችሁ ነው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያለ ግልባጭ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ፤ ይህንኑ ልማድ ወደ ሰፈራችሁ ይዛችሁ ግቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በሚመጣው ስብሰባ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ «ጎረቤታችን ዕድር ምን ወስኗል?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።