የጋሞ ደጋ አፈር የያዘው ታሪክ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ማብራሪያችን ዶርዜ በሚገኝበት የጋሞ ደጋ ስለሚካሄደው የአርኪዮሎጂ ጥናት ነው።

በዚሁ ደጋ፣ በቦረዳ፣ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆንና ካትሪን አርተር የመሩት ቡድን ወደ ዋሻው የደረሰው የአገር ሽማግሌዎችን ጠይቆ ነው። ሽማግሌዎቹ አባቶቻቸው በጦርነት ጊዜ ይሸሸጉበት እንደነበር ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በተካሄደው ቁፋሮ፣ በድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የ4,500 ዓመት አጽም ተገኘ፤ ባይራ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጆሮው አጥንት የተወሰደው ዘረመል በሙሉ ተነበበ። ከጥንታዊ አፍሪካዊ አጽም ሙሉ ዘረመል ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ለአርኪዮሎጂ ተማሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ከመቆፈር በፊት ፈቃድ ይቀድማል፤ የኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ይህንን ያዛል። ከዚያ አፈሩ በንብርብሩ ቅደም ተከተል ይነሣል፣ በወንፊት ይነፋል፤ እያንዳንዱ ግኝት የተገኘበት ቦታና ጥልቀት ይመዘገባል። ያለ መዝገብ የወጣ ዕቃ ዕድሜውንም ታሪኩንም ያጣል።

በጋሞ ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለ። ዱቡሻ የሚባሉት የሕዝብ መሰብሰቢያ አደባባዮችና የተከበሩ ደኖች ዛሬም ሥርዓት የሚፈጸምባቸው፣ ዕርቅ የሚወርድባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ አጥኚው መሬቱን ከመንካቱ በፊት ሽማግሌዎችን ያነጋግር።

አድማጮቻችን፣ በማሳችሁ የጥንት ሸክላ ወይም አጥንት ብታገኙ አታንሡት፤ ቦታውን ጠብቁ፣ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።