ጣና ላይ ቤንዚን ሲቆጠር

አቅራቢ፦ አዲስ አበባ፣ ዊንጌት ላይ ነዳጅ ያለቀበት ታክሲ ጥግ ይይዛል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ ይሳፈራል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሰፋው ጣና መሃል ያለ ዓሣ አስጋሪ ግን መውረጃ የለውም። ሞተር ጀልባ ለሐይቁ አስጋሪዎች የደረሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ታንኳ በዳርቻው ነበር የሚሠራው።

ቤንዚን የሚያልቀው የት ነው? ጀልባዋ አፍንጫዋን አንስታ፣ ኋላዋ ሰምጦ፣ ራሷ ያስነሳችውን ማዕበል ሽቅብ ስትገፋ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መንገዱ አይገፋም። ያን ጊዜ ፍጥነት መቀነስ ነው። ዓሣ ከተጫነ ደግሞ ይበልጡን ቀስ!

ፍጆታውን በሰዓት ሳይሆን በኪሎ ሜትር ይለኩ። ከነዳጁ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለድንገተኛ ነፋስ ይሁን። ይህን የመጨረሻውን ማንም እንዳይነካው አደራ እላለሁ።