ክፉ ቀን ከየት መጣ?

ዛሬ ስለ አንዲት ቃል እንነጋገራለን።

ሰሞኑን በማታ ክፍል የማስተምራቸው አንድ አባት የልጃቸውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዘው መጡ። «አስተማሪ፣ ልጄ ይቺን ቃል አንብባ ትርጉሟ ጠፋት። እስቲ ይንገሩን» አሉኝ። ቃሏ «ዲዝማሊ» ትባላለች።

«ዲዝማል» ማለት የጨፈገገ፣ ደስታ የሌለው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ሊ» ከኋላ ስትጨመር ሥራው እንዴት እንደሆነ ትናገራለች። በኛም እኮ «ክፉ» ብለን «ኛ» ስንጨምር «ክፉኛ» ይሆናል። ዝናቡ «ዲዝማሊ» ዘነበ ቢሉ፣ ልብ በሚያጨፈግግ ሁኔታ ዘነበ ማለት ነው። ተማሪው «ዲዝማሊ» ወደቀ ቢሉ ደግሞ፣ ክፉኛ ወደቀ ማለት ነው።

ቃሉ ከየት መጣ? ከላቲን ቋንቋ ነው። በላቲን «ዲዬስ ማሊ» ማለት ክፉ ቀኖች ማለት ነው። በድሮ ዘመን በአውሮፓ የቀን መቁጠሪያ ላይ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን፣ በዓመት 24 ቀን፣ ክፉ ነው ተብሎ ምልክት ይደረግበት ነበር። በዚያ ቀን አዲስ ሥራ መጀመር ይፈራ ነበር። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ አገር ገባ። ከጊዜ ብዛት ሰዎች «ዲስ» ማለት ቀን መሆኑን ዘነጉ። «ዲዝማል ቀኖች» ይሉ ጀመር። «የክፉ ቀን ቀኖች» እንደማለት ነው! በኋላ ቃሉ ከቀን አልፎ የጨፈገገ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

እኛም «ክፉ ቀን» እንላለን። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን የደረሰው ረሀብ ክፉ ቀን ይባላል። ታዲያ ሰው የጨረሰው ቀኑ ነው እንዴ? አይደለም። በሽታ ከብቱን ፈጀ፤ ዝናብ ጠፋ፤ በሬ በመታጣቱ መሬቱ ጦም አደረ።

ይህን ስነግራቸው እኒያ አባት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ «እኔም እኮ ፊደል ለመቁጠር ሁለት ጊዜ ልመዘገብ ተነሥቼ፣ ቀኑ አይሆንህም ስላሉኝ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ባከነብኝ» አሉ።

አድማጮች፣ ቀኑ ክፉ ነው ሲሏችሁ፣ «ክፉ ያደረገው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀን መቁጠሪያውንም ራሳችሁ አንብቡት።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና «ቀን» ብላችሁ ጻፉ። ደህና ሁኑ።