ምች ነው ብለን አንቆይ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ልጅ ሲያተኩሰው በየቤታችን ቀድሞ የሚመጣው ቃል «ምች መታው» ነው። ዳማከሴ ቀጥፈን እናሻለን፣ ጭማቂውን እናጠጣለን፣ ሸፋፍነን እናስተኛለን። ከእናቶቻችን ያየነው ነውና አናፍርበትም። ነገር ግን ባለፈው ኅዳር አንዲት እህታችን ልጇን እንዲህ ስታስታምም ሦስት ቀን ቆየች። በአራተኛው ቀን ዓይኑ ተገልብጦ ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ አዝላው ሮጠች። ጤና ጣቢያ ጣቱን ወግተው ደሙን ሲመረምሩት ወባ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ተርፏል። እኛ ግን ልንወቅሳት አልቻልንም፤ ሁላችንም እንደ እሷ ነበር የምናደርገው።

ትኩሳት ምልክት ነው። ወባ ይሁን፣ የሳንባ ምች ይሁን፣ ሌላ ይሁን ግንባር በመዳሰስ አይለይም። ዋናው የወባ ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ መድኃኒቱም ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ስለዚህ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ እንውሰደው። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አንስጠው።

ሌሊትም ቢሆን የማያስቀምጡን ምልክቶች አሉ፦ ጡት ወይም ውኃ አልወስድ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰና ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ሌላ ምልክት አንጠብቅ። በመንገድ ላይ ያተኮሰውን ልጅ ልብሱን እናሳሳለት፤ ሰውነቱ የቀዘቀዘውን ሕፃን ግን ሸፍነን እናሙቀው፤ መጥባት ከቻለ እናጥባው።

የራሳችንንም አንርሳ። ነፍሰ ጡር ካተኮሳት በዚያው ቀን ትመርመር። አራስ ካተኮሳት፣ ሆዷን ካመማት፣ ፈሳሿ ከሸተተ «የአራስ ብርድ ነው» ብለን አናስተኛት፤ የማሕፀን ቁስለት ሊሆን ይችላል፤ ሕይወትም ይቀጥፋል።

ብዙዎቻችንን የሚያስቀረን አለማወቅ ብቻ አይደለም። ባል እስኪመጣ፣ ገንዘብ እስኪገኝ፣ ለቀሩት ልጆች ጠባቂ እስኪገኝ እንቆያለን። ስለዚህ ተስማምተናል፦ የባጃጅ ገንዘብ ከሣጥናችን በማንኛውም ሰዓት ይሰጣል፤ ፊርማው በማግሥቱ ይደርሳል። የቀሩትን ልጆች የቅርብ ጎረቤት አባል ትይዛለች። ደጋፊዎቻችን፣ የምትልኩልን ገንዘብ አንዱ ሥራው ይህ ነው።