ኩልፎ ሲሞላ

እሷ፦ ነጭ ሳር ፓርክ ድንኳን ተክለህ ስታድር ኩልፎ ወንዝ ሞላ አሉ?

እሱ፦ ሌሊቱን ሞልቶ አደረ። የሚገርምሽ፣ እኛ ጋ ጠብ ያለ ነገር የለም! የዘነበው ላይ ጨንቻ፣ ተራራው ላይ ነው።

እሷ፦ ነግቶ ዳር ዳሩን ለማየት ወጣህ?

እሱ፦ ከፓርኩ ስካውት ጋር። ሾላው ሥር ደለሉ እንደ አጥሚት ወፍሯል። ቅርንጫፍ ላይ የተጠመጠመው ጭራሮ ከወገቤ በላይ ነው፤ ውሃው እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

እሷ፦ መቼም አልተሻገርክም! 15 ሴንቲሜትር ደራሽ ውሃ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲሜትር ደግሞ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል።

እሱ፦ ስካውቱስ መች ፈቅዶ! ወንዙ የሚገባው ጫሞ፣ የአዞው ሐይቅ ነው። በድፍርሱ ውሃ ግንድና አዞ ማን ይለያል?

እሷ፦ ድንኳኑስ?

እሱ፦ ከዳሩ ርቆ ከፍታ ላይ ነበር። የወንዝ ድምፅ እንደሆነ ከሩቅም ይሰማል።