የአምቡላንስ አንቴና ጣሪያው መሃል ይሁን

አቅራቢው፦ የአምቡላንስ ሬዲዮ አንቴና ቦታው የጣሪያው መሃል ነው። ዘንጉ የአንቴናው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከሥሩ የተዘረጋው ላሜራ ነው። በቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ለምሳሌ በ150 ሜጋኸርዝ፣ ሞገዱ 2 ሜትር ስለሚረዝም የሩብ ሞገድ ዘንግ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከሥሩም በየአቅጣጫው ያንኑ ያህል ብረት ይፈልጋል። ይህን የሚሰጠው የጣሪያው መሃል ነው። ኋላ ፓራውልት ላይ ከተተከለ ግን ቦዲው ከፊቱ ይገተርና ወደዚያ የሚሄደውን ሞገድ ያዳክመዋል። ምጥ የያዛት እናት ተጭና ሆስፒታሉ ይዘጋጅ ሲባል፣ መልእክቱ መድረሱን መኪናው የዞረበት አቅጣጫ ሊወስነው አይገባም።

አቅራቢዋ፦ ጣሪያ መብሳት ዝገትና ፍሳሽ ያመጣል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። ሳይበሱ በማግኔት የሚጣበቀው አንቴናስ አይበቃም? የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘሮችስ ረጅሙን አንቴና ፊት ፓራውልት ላይ የሚተክሉት ተሳስተው ነው?

አቅራቢው፦ ማግኔት ለጊዜው ይበቃል፤ ግን አሉሚኒየምና ፋይበርግላስ ላይ አይዝም፣ ገመዱም በር ሲዘጋ እየተጨፈለቀ ይጎዳል። የቀዳዳው ጠርዝ ቀለም ተቀብቶ በጎማ ማሸጊያ በደንብ ከታሰረ ውሃ አያስገባም። ላንድክሩዘሮቹ አልተሳሳቱም፤ ያ ሞገዱ በጣም የሚረዝም ሌላ ዓይነት ሬዲዮ፣ ኤችኤፍ ነው። በ5 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 60 ሜትር ስለሆነ የትኛውም ጣሪያ አይበቃውም፣ ረጅሙን ዘንግ የሚሸከም ጠንካራ መሠረትም ያሻዋል። አምቡላንሱ ሁለቱንም ከያዘ ኤችኤፉን ወደ ፓራውልት አውርዶ ጣሪያውን ለቪኤችኤፍ መተው ነው።