የኪስ ባትሪ ቀን ለቀንም ከእጅ አይለይ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ፣ ስለ ኪስ ባትሪ ነው። በሰፈሩ ውስጥ «ባለ ባትሪዎቹ» እየተባልን የምንጠራ ጥቂት ሰዎች ነን። ቀትር ላይ እንኳ ኪሳችን ውስጥ ባትሪ ይዘን ስንዞር ያያችሁን ሁሉ «ፀሐይ እያለች ምን ይሠራላችኋል?» እያላችሁ ስትቀልዱብን ከርማችኋል። ቀልዱ ይቀጥል፤ አንቀየምም። ጥያቄው ግን ተገቢ ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለ ጨለማው እናንሳ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ክረምት ከበጋ ቀኑና ሌሊቱ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ይኸውም የዕድሜያችንን ግማሽ ያህል በጨለማ እናሳልፋለን ማለት ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። ከሥራ የሚመለሰው ሠራተኛ፣ ከማታ ትምህርት የሚመጣው ተማሪ፣ ለቅሶ ቤት አምሽቶ የሚገባው ዕድርተኛ፣ ሌሊት ለኪዳን ወይም ለሱብሂ ሶላት የሚነሣው አማኝ፣ ሁሉም የሚጓዘው በዚሁ ጨለማ ነው።

ጨለማው ብቻውን ባልከፋ። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፤ ጠርዙ የተሸረፈ ደረጃ አለ፤ በዝናብ የተሸረሸረ የኮብልስቶን መንገድ አለ። መብራት የሚሄደው ደግሞ አስቀድሞ አሳውቆ አይደለም፤ አንድ እግር ደረጃ ላይ፣ ሌላው በአየር ላይ እያለ ነው የሚሄደው። ወጣት ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። በዕድሜ የገፋች እናት ብትወድቅ ግን የዳሌ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ብዙዎችን አልጋ ላይ ያስቀረ አደጋ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጌጥ ወይም የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ስልካችን መብራት አለው አይደል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ አለው። ነገር ግን መብራት በሄደ ጊዜ ስልኩም ቻርጅ ማድረጊያ አጥቷል። ያችን የቀረችውን ጥቂት ኃይል ለመብራት ከጨረስናት ሐኪም ወይም አምቡላንስ መጥራት ሲያስፈልግ በምን እንደውላለን? ከዚህም በላይ ስልክን በአንድ እጅ፣ የውሃ ጀሪካን በሌላው ይዞ ደረጃ መውጣት አስቸጋሪ ነው። ቱቦ ውስጥ የወደቀ ስልክና ቱቦ ውስጥ የወደቀ ባትሪ ደግሞ በዋጋ አይገናኙም። ሻማና ኩራዝም ቢሆኑ ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ሆኖም መጋረጃና ፍራሽ አጠገብ ተለኩሰው እንቅልፍ ከመጣ የሚያደርሱት ጉዳት ለማንም የተሰወረ አይደለም።

እስቲ ደግሞ ዕቃዋ ከየት እንደመጣች ባጭሩ እንይ። የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ሊሠሩ የቻሉት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ፈሳሽ የማያፈስ ደረቅ የባትሪ ድንጋይ ከተገኘ በኋላ ነው። ዴቪድ ሚሰል የተባለ እንግሊዛዊ የፈለሰፈው፣ በቱቦ ቅርጽ የተሠራ የእጅ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. በአሜሪካ የባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። ያን ጊዜ ድንጋዩም አምፖሉም ደካማ ስለነበሩ ለረዥም ጊዜ ማብራት አይቻልም ነበር፤ ለቅጽበት ብልጭ አድርጎ ማጥፋት ግድ ነበር። በእንግሊዝኛ «ፍላሽ ላይት» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። እኛ ደግሞ ዕቃውን በሙሉ ባትሪ አልነው፤ ኃይል የሚሰጠውን ድንጋይ አልነው። ባዕድ ሰው ሱቅ ሄዶ «ለባትሪዬ ድንጋይ ስጡኝ» ሲባል ቢሰማ ምን እንደሚያስብ እንጃ!

ከዚያ ወዲህ ትልቁ ለውጥ የመጣው በኤልኢዲ ነው። ቀይና አረንጓዴው ቀድሞ የነበረ ቢሆንም፣ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ደማቅ ሰማያዊ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያስገኙት ጃፓን ተወላጆች ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሰማያዊው ብርሃን ቢጫ ቅብ ውስጥ ሲያልፍ ለዓይናችን ነጭ ሆኖ ይታያል። በመሆኑም የድሮው አምፖል ኃይሉን በአብዛኛው ሙቀት አድርጎ ሲያባክነው፣ ዛሬ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ለብዙ ሰዓት ታበራለች።

እንግዲህ ሰው የባትሪ ወዳጅ የሚሆነው እንዴት ነው? እንደኛ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ለደረጃ የምትሆን አንዲት ባትሪ ይገዛል። ቀጥሎ የጎረቤቱን ባትሪ ሲያይ የዚያኛው ብርሃን ሰብሰብ ብሎ ሩቅ ሲሄድ፣ የእሱ ግን ተበትኖ ቅርቡን እንደሚያደምቅ ያስተውላል። «ለምን?» ብሎ ይፈታታታል፤ አንጸባራቂውን ያያል፤ የዛገውን መገናኛ ይጠርጋል፤ ሞታ የነበረችው ትነሣለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም! ማታ ማታ ግድግዳ ላይ ብርሃን ማወዳደር ይጀምራል። ለወጣቶቻችን በትንሽ ወጪ የኤሌክትሪክን ጠባይ በእጅ የሚያስተምር ጥሩ ጨዋታ ነው።

ባትሪ ሲገዛ የሚከተሉትን መመልከት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የብርሃኑ መጠን። መለኪያው ሉመን ይባላል። አንድ ሻማ 12 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ የድሮው የ60 ዋት አምፖል ደግሞ 800 ገደማ። እኛ ሞክረን እንዳየነው ለደረጃና ለመንገድ 50 ሉመን ይበቃል። ሌሊት ለሕፃን ለመነሣት ወይም መድኃኒት ለመፈለግ ከ1 እስከ 5 ሉመን ከበቂ በላይ ነው። ዓይናችን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ደማቅ ብርሃን ግን ያን ልምድ ባንድ አፍታ ያጠፋዋል። ስለሆነም ዝቅ ማድረግ የምትችል ባትሪ ከደማቋ ትመረጣለች።

ሁለተኛ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀትና ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣና ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙበት የመለኪያ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ «100 ሜትር» ማለት 100 ሜትር ላይ የሚደርሰው ብርሃን የሙሉ ጨረቃን ያህል ነው ማለት ነው። ጨረቃ መንገድ ታሳይ እንደሆነ እንጂ ሰው አታስለይም። በግማሹ ርቀት፣ በ50 ሜትር ላይ፣ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። «10 ሰዓት ያበራል» ማለትም ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው እንጂ እስከ መጨረሻው እኩል ይደምቃል ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ድንጋዩ። ቀጭኑ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ በየሱቁ ስለሚገኝ ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው እሱ ነው። ቻርጅ የሚደረጉት ሊቲየሞች ደግሞ ጉልበተኞች ናቸው። 18650 የሚባለው ስሙ መጠኑን ይነግራል፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። በላዩ ላይ «9900 ሚሊአምፒር ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሐሰት መሆኑን እወቁ፤ በዚህ መጠን ያሉት ጥሩ የሚባሉት 3500 አካባቢ ናቸው። ሊቲየምን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ መክተት ወይም ፀሐይ በሚያቃጥለው መኪና ውስጥ መተው እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አራተኛ፣ አያያዙ። አዲስና አሮጌ ድንጋይ አይቀላቀል። ባትሪዋ ለወራት የማትነካ ከሆነ ድንጋዩ ይውጣ። አልካላይን የሚባለው ድንጋይ አፍስሶ ነጭ ነገር ካወጣ፣ በጨርቅ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ አድርጎ ማጽዳትና እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የቆየ ልማዳችን ነው። ለጥቂት ጊዜ ነፍስ የዘራ ይመስላል፤ ይሁንና ሙቀቱ ማፍሰሱን ስለሚያፋጥን ባትሪዋን ያበላሻል።

አንድ ብልሃት እንጨምር። መብራት ሲሄድ ባትሪዋን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ወደ ነጭ ኮርኒስ አብሩ፤ ክፍሉ በሙሉ በለስላሳ ብርሃን ይሞላል። ውሃ በሞላ ሃይላንድ ሥር ብታበሩም እንደ ፋኖስ ሆኖ ቤተ ሰቡን ራት ያበላል።

ጨዋነትም አለ። በሰው ዓይን ላይ፣ በተለይም በሹፌርና በሕፃን ዓይን ላይ አይበራም። ወደ ሰው መስኮትም አይበራም። ብርሃን ከእግር ፊት ሦስትና አራት እርምጃ መሬት ላይ ይወድቃል። ዘበኛ ሲያጋጥም ከሩቅ ድምፅ ማሰማት፣ ብርሃኑንም በራስ እግር ላይ ማሳረፍ መልካም ነው፤ ጨለማ ውስጥ ማንነትን ቀድሞ መግለጽ ጥርጣሬን ያስቀራል።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ባትሪ ወደ መውደድ ሲገባ ወጪው ልክ እንዳያጣም እናሳስባለን። አሥር ባትሪ መሳቢያ ውስጥ ከሚተኛ፣ አንዲት የምትሠራ ኪስ ውስጥ ብትኖር ይሻላል። ቤት የቀረች ባትሪ እንደሌለች ናት፤ መብራት የሚሄደው የት እንዳለን ጠይቆ አይደለምና። ቀን ለቀን የምንይዘውም ስለዚሁ ነው።

በመጨረሻም ለማኅበሩ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። በየደረጃው መግቢያ አንዳንድ ባትሪ የሚይዝ፣ መብራት በጠፋ ጊዜም ወጥቶ የሚያሳልፍ ተራኛ ቢመደብ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ወጣቶቻችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት እየዞሩ ባትሪያቸው መሥራቱን ቢያዩ፣ ድንጋዩን ቢለውጡ፤ ለዚህም እኛ በጉልበትም በዕውቀትም ዝግጁ ነን። ያለቀ ድንጋይ በየሜዳው ተጥሎ ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ክዳን ያለው መሰብሰቢያ ዕቃ ቢቀመጥ።

ክፍት ጉድጓዱን እስኪከደን፣ የደረጃውም መብራት እስኪጠገን መጠየቃችንን አናቆምም፤ የኪስ ባትሪ የዚያ ምትክ አይደለችም። እስከዚያው ግን ሰው መውደቅ የለበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እያንዳንዳችን አንዳንድ ትንሽ ብርሃን ብንይዝ ሰፈራችን በሙሉ መንገዱን ያያል።

ባትሪያችሁ የማትሠራ ካለች ስብሰባው እንዳበቃ ወደ እኛ ጠረጴዛ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንፈታታታለን።